የመጽሐፍ ጠጋኞች ክበብ ጡረተኛ

ጡረታ ወጥቻለሁ። ዕድሜዬ አሥራ ስምንት ነው።

የሚስቅ ይሳቅ። እኔ ግን ባለፈው ሳምንት ወስፌውን፣ የሰሙን ድቡልቡልና የሣጥኑን ቁልፍ አስረክቤ ቤት ስገባ እጄን የማስቀምጥበት ጠፍቶኝ ዋልኩ። አባቴ አይተውኝ፣ "ሰው ከሥራ ሲወርድ እንዲህ ነው፤ ሁለት ሳምንት ይፈጃል" አሉኝ። አዲሷ ሊቀመንበር ደግሞ፣ "ሰዓዳ፣ የምታውቂውን ጻፊልን፤ በቃል ከነገርሽን እንረሳዋለን" አለችኝ። እውነቱን ልናገርና እስክትጠይቀኝ ነበር የምጠብቀው። የአማርኛ መምህራችን ዘንድሮ አንድ ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበቡት ወዲህ ብዕር ካነሳሁ የሚያስቆመኝ የለም።

የመጀመሪያ ምድቤ ሞጣ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ማንም ተማሪ ያለ ክበብ እንዳይቀር ተባለ። እኔ ለምዝገባ የደረስኩት ስፖርቱም፣ ኪነቱም፣ የውይይት ክበቡም ከሞላ በኋላ ነው። መዝጋቢው መምህር ወረቀቱን ወደ ታች እያዩ፣ "የቀረው መጽሐፍ ጠጋኝ ነው፤ አራት ሰው አለበት፤ አምስተኛ ትሆኛለሽ" አሉ። ምን እንደሚሠራ እንኳ አልጠየቅሁም።

የሚሠራው ስሙ እንደሚለው ነው። ያኔም አሁንም አንድ መጽሐፍ ለአራት ተማሪ ነው የሚሰጠው። መጽሐፉ አራት ቤት ያድራል፣ በአራት እጅ ይገለጣል፣ ዓመቱ ሳያልቅ ይበተናል። እኛ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የተበተነውን እንሰበስባለን፣ እንሰፋለን፣ በዱቄት ሙጫ እንለጥፋለን፣ ከሳሙና ካርቶን ልባስ እንሠራለታለን።

የመጀመሪያው አለቃዬ ምናሉ የሚባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ምናሉ ያለ ድምፅ ብልጫ ውኃ አይጠጣም። ሙጫው እሳት ላይ ሆኖ፣ "ይወፍር የሚሉ? ይቅጠን የሚሉ?" ብሎ እጅ ያስወጣል። አንድ ቀን ሁለት ለሁለት ሆነ። እኔ አዲስ ስለሆንኩ ድምፀ ተአቅቦ አደረግሁ፤ እሱ ደንቡን ሲያገላብጥ ሙጫው አረረ። በቃለ ጉባኤው ላይ "ሙጫው በመቃጠሉ አጀንዳው ታልፏል" ተብሎ ተጽፏል፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ግን ጋሽ ጌጡ ናቸው። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ናቸው። በልጅነታቸው ደብረ ወርቅ ዜማና ቅኔ ሊማሩ ሄደው፣ ከትምህርቱ ይልቅ የብራና መጻሕፍት የሚጠርዙ አንድ አባት እጅ ላይ ዓይናቸው ቀርቶ፣ ደጓሽ ሆነው ወጡ። እኛ "የኔታ" እንላቸዋለን። ዲሬክተሩ "ጓድ ጌጡ" ብለው ሲጠሯቸው ግን ማን እንደተጠራ ለማየት ወደ ኋላቸው ዞር ይላሉ።

የኔታ መጽሐፍ ተቀደደ አይሉም፤ ታመመ ነው የሚሉት። የታመመ መጽሐፍ ሲመጣላቸው መጀመሪያ ያሸቱታል። "ይኸ ጭስ ቤት ነው የከረመ። ይኸኛው ውኃ ነክቶት በጸሐይ ደርቋል፤ አትቸኩሉበት" ይላሉ። ከዚያ ገጾቹን እንደ አመጣጣቸው በጥራዝ በጥራዝ ይለያሉ፣ በወስፌ ይበሳሉ፣ በሰም በታሸ ክር ይሰፋሉ። የበሳነው ቀዳዳ ከቀድሞው ቀዳዳ ላይ ካልዋለ ወረቀቱ እንደሚሰነጠቅ ያሳዩን በቃል አይደለም። የተሳሳተ ስፌት ሲያገኙ አይናገሩም፤ ክሩን መዝዘው፣ ጠቅልለው፣ መጽሐፉን ከነክሩ ፊታችሁ ያስቀምጡታል። የመጀመሪያ ዓመት ፊቴ የተቀመጠው ክር ቢቀጣጠል ሞጣን ከቢቸና ያገናኛል።

አንድ ቀን የአያቴን ቁርኣን ይዤ ሄድኩ። ጀርባው ተላቅቆ ነበር። እንዴት እንደምጠይቃቸው ሳስብ ነበር የሰነበትኩት። የኔታ አዩት፤ ተነሥተው ወጥተው እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፤ ተመልሰውም፣ "ልጄ፣ ይኸ ከወዴት ነው የሚከፈት?" አሉኝ። ከቀኝ ነው አልኳቸው። "እንግዲያ አንቺ ክፈቺው፣ እኔ አያለሁ። ወስፌውን አንቺ ያዢ።" እስከ መጨረሻው አልነኩትም። በአፋቸው ብቻ እየመሩኝ እኔ ሰፋሁት። ያ ነው በሕይወቴ ክሩ ያልተመዘዘብኝ የመጀመሪያው መጽሐፍ።

ሌላ ሞጣን የማስታውስበት ነገር የመፈክር ወረቀት ነው። ካርቶን ሲያልቅብን ከበዓል የተረፈ ወፍራም የመፈክር ወረቀት ለልባስ እንዲሰጠን ምናሉ ደብዳቤ ጻፈ። ሁለት ወር ፈጅቶ ተፈቀደ። እኛም በመጽሐፍ ልክ ቆራረጥነው፤ በየትኛው መጽሐፍ ላይ የትኛው ቃል እንደደረሰ ያየ ሰው አልነበረም። ሰኞ ዕለት የአሥረኛ ክፍል ሂሳብ መጽሐፍ ፊቱ ላይ በትልቁ "ይውደም" ብሎ ክፍል ገባ። ተማሪው በደስታ ሊሞት ደረሰ። የፖለቲካ አስተማሪው መጽሐፉን ይዘው መጥተው፣ "ይህን ማን ነው ያደረገው?" ሲሉ ሁላችንም ወደ የኔታ ዞርን። የኔታ ግን ከወንበራቸው ተነሥተው፣ "ጌታዬ፣ ታማሚ የተገኘውን ጋቢ ነው የሚለብስ፤ አገላብጠን እናለብሰዋለን" አሏቸው። ሰውየው ለመቆጣት አፋቸውን ከፍተው ሳቅ ቀደማቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

ሙጫ ሲፈላ የኔታ ከትንሽ ብልቃጥ ሬት ጠብ ያደርጉበታል። መራራ ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ "ጣቱን እየላሰ ገጽ የሚገልጥ ሁሉ እንዲማር ነው" ብለው ሳቁ። እውነትም ጣቱን የሚልስ ተማሪ ፊቱ ሲጨማደድ እያየን እንስቅ ነበር። እኔም በዚያው ያዝኩት።

አሥረኛ ክፍልን ስጨርስ አባቴ የሚሠሩበት የኅብረት ሱቅ ወደ ቢቸና አዛወራቸው። የቢቸናው ትምህርት ቤት መጽሐፍ ጠጋኝ አልነበረውም። በሁለተኛው ሳምንት ዲሬክተሩ ቢሮ ገብቼ ክበብ ላቋቁም አልኩ። ድፍረቱ ከየት እንደመጣ አላውቅም። እሳቸውም መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አምስት ሰው ከሌለ ክበብ አይባልም" አሉ። "ክፍል አለች፤ ኪነቱ ለከበሮ ማስቀመጫ እየለመነኝ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የባዮሎጂ መጻሕፍት አሥራ ስምንት ናቸው፤ አንድም ጤነኛ የለም። ከማትሪክ በፊት አድሳችሁ ካቀረባችሁ ክፍሏም ክበቡም የእናንተ ነው። ካልሆነ ክፍሏ ለከበሮው፣ ክበቡም ይዘጋል።"

አምስት ሰው አገኘሁ፤ ምን ዓይነት አምስት እንደሆነ ግን ስሙ። ሙላት ሙጫ ይበላል፤ ትኩሱን በጣቱ እየጠቀለለ። ትዕግሥት ልትሰፋ የተሰጣትን መጽሐፍ ታነበዋለች፤ ምዕራፉን ካልጨረሰች ክር አታስገባም። አንተነህ ከኪነት የተባረረ ከበሮ መቺ ነው፤ ወስፌውን በምት ካልሆነ አያንቀሳቅሰውም፤ ምቱ ሲፈጥን ስፌቱም ይፈጥናል። ደሴ የሚናገረው በሳምንት አንዴ ነው፣ እሱም "ሱሪው መቼ ነው የሚጀመረው?" ብሎ። ጠጋኞች ሲባል ልብስ መስሎት ነው የተመዘገበው። አምስተኛዋ እኔ ነኝ።

ሙጫ በምንሠራበት ቀን ስለ ሬቱ ነገርኳቸው። ሬት ቢቸና ገበያ ላይ ፈልጌ አላገኘሁም ነበር።

"ለምኑ ነው?" አለ ሙላት።

"ጣት ለሚልሱ።"

"የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ጣቱን ይልሳል? ትልልቅ ሰዎች ናቸው እኮ። ደግሞ ሙጫውን ለምን ታበላሺዋለሽ?"

ከምናሉ እንደተማርኩት እጅ አስወጣሁ። አምስት ለዜሮ፣ ሬቱ ቀረ።

አሥራ ስምንቱን በአንድ ወር ሰፋናቸው። ስፌቱ ጥሩ ነበር፤ ዛሬም አላፍርበትም። ለመንፈቅ ዕረፍት ሁለት ሳምንት ትምህርት ሲዘጋ፣ እንዲጨመቁ የወፍጮ መጅ ጭነንባቸው በሩን ቆልፈን ሄድን።

በተመለስን ሰኞ መጀመሪያ የገባችው ትዕግሥት ነበረች። ወዲያው ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። "ሰዓዳ፣ ነይማ" አለች፤ ድምጿ ቀስ ያለ ነበር። መጁን አነሣሁ። የአሥራ ስምንቱም ጀርባ ተበልቷል። ልባሱ ወንፊት ሆኗል። ሙጫ በነካበት ሁሉ፣ በተለይ ከልባሱ ጋር የተለጠፉት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቅጠል፣ ከሁሉም መጽሐፍ ላይ የሉም። መሬቱ ላይ የወረቀት ብናኝና የአይጥ ኩስ ብቻ።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጫጫታ ሰምተው አንገታቸውን አስገቡ። አንዱን መጽሐፍ በበትራቸው ገለጥ አደረጉና፣ "ዱቄት ቀብታችሁ፣ ከድናችሁ፣ ሁለት ሳምንት አስቀመጣችኋ" አሉ። "ምን ታድርግ አይጧ? የተጋበዘች መስሏት ነው።"

ያን ጊዜ ነው የየኔታ ብልቃጥ ትዝ ያለኝ። ሬቱ ለጣት አልነበረም።

ማትሪክ ሊደርስ ሰባት ሳምንት ቀርቶታል። ዲሬክተሩ ክበቡ ዓርብ ከሰዓት በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ፊት ግለሂስ እንዲያደርግ አዘዙ። ግለሂስ ማለት ቆመህ ጥፋትህን በራስህ አፍ መናገር ነው፤ ሲያደርጉ አይቻለሁ፣ ሁሉም ሰው "ድክመት ታይቷል" ይልና ማን ላይ እንደታየ ሳይታወቅ ይበተናል። እኔ እንደዚያ ላለማድረግ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ቆሜ ግን አንዱንም አላነበብኩትም።

"ሙጫውን ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ሬት መግባት ነበረበት። ለምን እንደሚገባ ሳላውቅ አስቀረሁት። ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩና ተቀመጥኩ።

ያልጠበቅሁት ከዚህ በኋላ ነው። ሙላት ተነሣ። "ይቅር ብዬ የወተወትኳት እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ሙጫው ስለሚጣፍጠኝ ነው።" አዳራሹ ሳቀ። አንተነህ ተነሣ፤ "ከበሩ ሥር ያለውን ቀዳዳ እኔ እደፍናለሁ ብዬ ነበር። በአሮጌ የከበሮ ቆዳ ደፈንኩት፤ እሱንም በልተውታል።" ትዕግሥት በዕረፍቱ መሐል መጥታ ለማየት ተረኛ እንደነበረችና የያዘችውን ልብ ወለድ ሳትጨርስ መነሣት አቅቷት እንደቀረች ተናገረች። መጨረሻ ላይ ደሴ ብድግ አለ። ደሴ ሲናገር የሰማ ጥቂት ነው። "እኔ ሱሪ ነበር የምጠብቀው" አለ። "ልቤ መጽሐፉ ላይ አልነበረም።"

ዲሬክተሩ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። "ጥፋተኛ የማይገኝበት ስብሰባ ብዙ መርቻለሁ፤ ሁሉም ጥፋተኛ የሆነበት ግን የመጀመሪያዬ ነው" አሉ።

ሳቁ ሳይበርድ የሺሐረግ ተነሣች። የሺሐረግ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አንደኛ የምትወጣ ናት፤ ቤተሰቦቿ ገጠር ናቸው፣ ቢቸና ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። "ግለሂሳችሁ ጥሩ ነው" አለች፤ አልሳቀችም። "እኔ በምኑ ልፈተን? በየሳምንቱ አራት ሰዓት መንገድ ስንቅ ተሸክሜ የምመጣው አይጥ ልቀልብ አይደለም።"

ዲሬክተሩ ፈረዱ፦ ክፍሏ ከሰኞ ጀምሮ የኪነት ናት። መጻሕፍቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚነበቡ ሆነው ከተመለሱ የክበቡ ስም ይቆያል። ካልተመለሱ ይሰረዛል።

ቅዳሜ አባቴ በሱቁ መኪና ዕቃ ሊያመጡ ሞጣ ሲወርዱ አብሬ ሄድኩ። ከተበሉት አንዱን በነጠላ ጠቅልዬ ለየኔታ አቀረብኩላቸው። መንገዱን ሙሉ ሲቆጡኝ እያሰብኩ ነበር የመጣሁት፤ እንዲያውም ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። አሸቱት። ገለጡት።

"ሬት አላደረግሽበትም።"

"አላደረግሁም፣ የኔታ። ለጣት መስሎኝ።"

"አዎ፤ እንዲያ ነው ያልኩሽ።" መጽሐፉን ቀስ ብለው ዘጉት። "ጥፋቱስ የኔ ነው። ቀልዱን ነገርኩሽ፣ ምክንያቱን ሳልነግርሽ ሰደድኩሽ።"

"እርስዎ ምን አጠፉ፣ የኔታ?"

"እኔንም የኔታዬ በቀልድ ነው ያስተማሩኝ። እኔ ግን ዐሥር ዓመት አብሬያቸው ቆይቻለሁ፤ አንድ ቀን አይጥ በልቶ አየሁና ገባኝ። አንቺን ሁለት ዓመት ብቻ ነው ያስተማርኩሽ።" ከዚያ እንደ ሐኪም ይጠይቁኝ ጀመር። "ከሁሉም ላይ የጠፋው ስንት ቅጠል ነው?"

"የመጀመሪያውና የመጨረሻው።"

"የቀረው ቁስል በየመጽሐፉ የተለያየ ነው፤ አንዱ ላይ የሌለው ሌላው ላይ አለ። እየገለበጣችሁ ለጥፉ። ሁለቱን ቅጠል ግን የሚያውቅ ሰው ፈልጊ። መጽሐፍ ከሰው ወጥቶ ነው ወረቀት ላይ የገባው።" ብልቃጡን ሰጡኝ፤ ለስንት ማንኪያ ዱቄት ስንት ጠብታ እንደሆነ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

የሚያውቀው ሰው ማን እንደሆነ ሳልጠይቅም አውቀዋለሁ። የባዮሎጂ መምህሩ ገና ዓመቱ ሲጀመር፣ ዳርና ዳሩ ቀድሞ ይበጠሳል ብለው፣ የመጽሐፉን መጀመሪያና መጨረሻ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል እያነበቡ አጽፈው ነበር፤ ሳያቋርጥ የጻፈ ተማሪ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። እሑድ የሺሐረግ ቤት በር ላይ ቆምኩ።

"ደብተርሽን እንድታውሺን ብዬ ነው።"

"አላውስም።" በሩን ግን አልዘጋችውም። "ላንቺ ደብተር ሰጥቼ በምን እምነት ልተኛ? እኔ ራሴ እመጣለሁ።"

መጣች። ክፍል ስለሌለን የቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ ላይ ነበር የምንሠራው፤ ከቀድሞ ክፍላችን ከበሮው ይደልቃል፤ አንተነህም በእሱ ምት ይሰፋል፤ እንዲያ ሲፈጥን አይቼው አላውቅም። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ግማሹን ሳይገባን ነው የገለበጥነው፤ ፊደል በፊደል፣ ጌጥ እንደሚስል ሰው። ትዕግሥት ግን ትተረጉምልን ነበር፤ ማንበቧ ያን ጊዜ ጠቀመን። ደሴ የሁላችንንም ስፌት አልፎ ሄደ። ዓይን የማያየው ስፌት ነው የሚሰፋው። ሙላት ሬት ያለበትን ሙጫ አንድ ጊዜ ቀምሶ እስከ ዛሬ ሙጫ አልበላም። የሺሐረግ የመጀመሪያውን ቅጠል ለእኛ አከፋፈለችን፤ የመጨረሻውን ግን ለማንም አልሰጠችም። እየገለበጠች ከእኛ ጋር አታወራም ነበር። በአምስተኛው ቀን ብቻ፣ "ቢያንስ በቃሌ ያዝኩት" አለች።

አሥራ ስድስት መለስን። ሁለቱ ለሌሎቹ መጠገኛ ሆነው አለቁ። ዲሬክተሩ ቆጠሩ፣ አንዱን ገለጡ፤ በሚቀጥለው ዓመትም በክበቦች ዝርዝር ላይ ስማችን ከታች ተጽፎ አየሁት። ክፍሏ የኪነት እንደሆነች ቀረች፤ ፍርድ ነው፣ አልተከራከርንም። የሺሐረግ አለፈች፤ አሁን ነርስነት ትማራለች ይባላል። ለእኔ ይቅርታ አድርጋልኝ እንደሆነ አላውቅም፤ አልጠየቅኋትም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆኜ ለሁለተኛ ጊዜ በመራሁበት ዓመት ያደረግሁት ትልቁ ሥራ በመዝገባችን ውስጥ በእያንዳንዱ መመሪያ ፊት ለፊት "ለምን" የሚል ዓምድ ማስመር ነው። ለምን በአሮጌው ቀዳዳ ይሰፋል፤ ለምን ክሩ ሰም ይታሻል፤ ለምን ሬት። የማናውቀው ሲኖር ባዶ እንተወዋለን። እናንተም ባዶውን በቀልድ እንዳትሞሉት።

ዘንድሮ የባዮሎጂ መጽሐፍ ሲታደል ለእኔና ለሦስት ጓደኞቼ ከአሥራ ስድስቱ አሥራ አንደኛው ደረሰን። የመጨረሻውን ቅጠል ለፈተናው ሳጠና ነው በደንብ ያየሁት። ጠባብ፣ ቀጥ ያለ የየሺሐረግ እጅ ጽሕፈት ነው፤ ከገጹ ግማሽ ዝቅ ብሎ ግን መስመሩ ይሰበርና በትንሹ በአማርኛ እንዲህ ይላል፦ "መምህሩ ያጻፉን እዚህ ድረስ ነው። ቀጥሎ ያለው ሳይበላ ካነበብኩት የማስታውሰው ነው፤ ከተሳሳትኩ አርሙኝ።" ከሥሩ ስድስት መስመር አለ።

ከእነዚያ ስድስት መስመሮች ማትሪክ ላይ አንድ ጥያቄ መጣ። እሷ እንደጻፈችው መለስኩ። ውጤቱ ገና አልመጣም።